ጭሱ በየት ይወጣል?

አንድ እሑድ ከዚህ ብሎግ ጸሐፊዎች አራታችን አዲስ አበባ ውስጥ ወደሚገኝ አንድ ሆቴል ለዋና ሄድን። (እውነቱን ለመናገር ሁለታችን ለመዋኘት፣ ሁለታችን ደግሞ ዳር ተቀምጠን ማኪያቶ እየጠጣን የዋናተኞቹን ስታይል ለመተቸት ነው።) ወሩ ኅዳር ነበር። የጠዋቱ ብርድ አጥንት ድረስ ይዘልቃል፤ ውሃው ግን ለብ ብሎ ይጠብቀናል። ከመካከላችን ጥያቄ የማያልቅበት አንዱ ፎጣ የሚያድለውን ልጅ ጠየቀው።

«ወንድሜ፣ ውሃው በምንድን ነው የሚሞቀው?»

«በጋዝ ነው።»

«ጭሱስ በየት ይወጣል?»

ልጁ ሳቅ አለ። «ይሄ እኮ ጋዝ ነው፣ ጭስ የለውም።»

መልሱ ለጊዜው አጥግቦን ወደ ማኪያቷችን ተመለስን። ያልተዋጠልን ቤት ከገባን በኋላ ነው። «ጭስ የለውም» የምትለዋን አባባል ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቃታለና። እናቶቻችን ከሰል ሲያቀጣጥሉ ምድጃውን ደጅ ያቆዩታል። ጭሱ አልቆ ፍሙ ሲቀላ «በቃ ጭሱን ጨርሷል፣ አስገቡት» ይላሉ። በዚያች ቀልታ ባማረች፣ ጭስ በሌላት ፍም አጠገብ በሩን ዘግቶ ተኝቶ ጠዋት ያልተነሳ ሰው ወሬ ያልሰማ አዲስ አበቤ ይኖራል?

ፎጣ አዳዩን ልጅ ለመውቀስ አይደለም። ማንም ስላልነገረው የሚያየውን ነው የነገረን። የምንወቅሰው «ካልታየ የለም» የሚለውን አስተሳሰባችንን ነው። ዛሬ የምንለውም አንድ ነገር ነው፦ ጋዝ የሚያነድድ ማሞቂያ የጭስ መውጫው ተጨማሪ ዕቃ ሳይሆን የማሽኑ ግማሽ አካል ነው። ጭሱ በየት እንደሚወጣ ማሳየት የማይችል ባለንብረት እሳቱን የመለኮስ መብት ሊኖረው አይገባም።

ይህን የምንለው ከመሬት ተነስተን አይደለም። ሰው ሞቶበታል።

ክፍል ቁጥር 225

ነገሩ የሆነው በአሜሪካ፣ በሰሜን ካሮላይና ግዛት፣ ቡን በምትባል የተራራ ከተማ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 16 ቀን 2013 በአንድ ሆቴል ክፍል ቁጥር 225 ውስጥ በሰባዎቹ ዕድሜ ያሉ ባልና ሚስት ሞተው ተገኙ። ድብደባ የለ፣ ደም የለ፣ የተሰበረ በር የለ። የሞታቸው ምክንያት ወዲያው ስላልታወቀ ደማቸው ለምርመራ ተላከ።

ከዚያስ? ከዚያማ ሕይወት ቀጠለ። ክፍሉ እንደገና ለእንግዳ ተከራየ።

ሰኔ 8 ቀን 2013፣ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ አንዲት እናት ከ11 ዓመት ልጇ ጋር ያንኑ ክፍል ያዘች። ልጁ ሞተ። እናትየው ራሷን ስታ ተገኝታ በጭንቅ ተረፈች።

ሁለት ሰው ተኝቶ በቀረበት አልጋ ላይ ሦስተኛ ሰው፣ ያውም ሕፃን ሞተ። ይህ ከሆነ በኋላ ነው የክፍሉ አየር በቁም ነገር የተመረመረው። ካርቦን ሞኖክሳይድ በሚባል መርዘኛ ጋዝ ተሞልቶ ተገኘ። ጋዙ ከየት መጣ? ከክፍሉ በታች ካለው የመዋኛ ገንዳ ማሞቂያ። ከማሞቂያው የሚነሳው የጭስ ማውጫ ቧንቧ በዝገት ተበልቶ ተበሳስቶ ነበር። ወደ ውጭ መውጣት የነበረበት የተቃጠለ አየር በቀዳዳዎቹ እየሾለከ ሽቅብ ወደ ክፍል 225 ይገባ ነበር። ታች ያሉት ሲዋኙ ላይ ያሉት ይታፈኑ ነበር።

ከሁሉም ይልቅ እኛን ያንገበገበን ሌላ ነው። የሟቾቹ ባልና ሚስት የደም ምርመራ ውጤት ልጁ ከመሞቱ በፊት ደርሶ ነበር። ካርቦን ሞኖክሳይድ መሆኑን የሚናገር ወረቀት ቢሮ ውስጥ ነበር፤ ክፍሉ ግን አልተዘጋም። ወረቀቱ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እጅ በጊዜ አልደረሰም። የአካባቢው የሕክምና መርማሪም ብዙም ሳይቆዩ ሥራቸውን ለቀቁ።

በዚያው ዓመት የግዛቲቱ ሕግ አውጪዎች ነዳጅ የሚያቃጥል ዕቃ ያላቸው ሆቴሎች የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ እንዲያስገቡ የሚያስገድድ ሕግ አወጡ። ክፍል 225 ውስጥ እንዲህ ያለ መሣሪያ አልነበረም። ሕጉ የወጣው ሦስት ሰው ከሞተ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ዓለም የሚያውቀው ሟች

«አንድ ጊዜ የደረሰ አጋጣሚ ነው» የሚል ካለ ሃያ ዓመት ያህል ወደ ኋላ እንመልሰው። ቪታስ ጌሩላይቲስ በ1970ዎቹ የቴኒስ ዓለም ከሚያበሩት አንዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1977 የአውስትራሊያ ኦፕንን አሸንፏል። ረጅም ወርቃማ ፀጉሩና ዘናጭነቱ ከጨዋታው እኩል ይወራለት ነበር።

መስከረም 1994 ላይ በኒው ዮርክ ግዛት፣ ሳውዝሃምፕተን በምትባል የሀብታሞች መዝናኛ ከተማ፣ በወዳጁ የእንግዳ ቤት አደረ። ሞቶ ተገኘ። ዕድሜው ገና 40 ነበር። ምክንያቱ ያው ነው፤ በትክክል ካልተገጠመ የመዋኛ ገንዳ ማሞቂያ የወጣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ እንግዳ ቤቱ ገብቶ ነው የገደለው። ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሶ ማሞቂያውን የገጠመው ባለሙያና ድርጅቱ ተከሰሱ። እ.ኤ.አ. በ1996 ነፃ ተባሉ።

እኛ ዳኛ አይደለንም፣ በፍርዱ ላይ አስተያየት አንሰጥም። ግን አንድ ነገር ልብ በሉልን። ጌሩላይቲስ ሀብታም ነበር፣ ያደረበት ቤት የሀብታም ነበር፣ ሰፈሩ የሀብታም ነበር። አንዳቸውም አላዳኑትም። ይህ ጋዝ የኪስ ልክ አያይም። የሚያየው የቧንቧ ልክ ነው።

ለመሆኑ ጭስ ማለት ምንድን ነው?

እዚህ ላይ ትንሽ የኬሚስትሪ ክፍለ ጊዜ እንግባ፤ ፈተና የለውም።

ጋዝ በቂ አየር አግኝቶ በደንብ ሲቃጠል የሚወጣው በአብዛኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድና የውሃ እንፋሎት ነው። ሁለቱም አይታዩም። ልጁ «ጭስ የለውም» ያለን ለዚህ ነው። አየሩ ሲያንስ፣ ማቃጠያው ሲቆሽሽ ወይም የጋዙ ግፊት ልኩን ሲስት ግን ቃጠሎው ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል። ያኔ የሚወለደው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፣ ዓይን አያቃጥል፣ አያስል። ደም ውስጥ ሲገባ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኃይል አንቆ ይይዘዋል። ሰውየው እየተነፈሰ ይታፈናል።

«ጋዝ ቢያፈተልክ ይሸተን ነበር» የሚል የተለመደ ማጽናኛ አለ። ስህተት ነው። የሲሊንደር ጋዝ የሚሸተን ሆን ተብሎ መጥፎ ሽታ ስለሚጨመርበት ነው። ያ ሽታ ያልተቃጠለውን ጋዝ ያሳውቃል። ጋዙ ከተቃጠለ በኋላ ግን ሽታውም አብሮ ይቃጠላል። አፍንጫችን ከእሳቱ በፊት ላለው ዘበኛ ነው፤ ከእሳቱ በኋላ ላለው አይደለም።

አሁን ወደ ማሞቂያው እንምጣ። ትልቅ የሚባል የመዋኛ ገንዳ ማሞቂያ በሰዓት 400,000 ቢቲዩ ያቃጥላል። ይህ ወደ 117 ኪሎ ዋት ነው። በእኛ ቋንቋ ሠላሳ ያህል የእንጀራ ምጣድ ባንድ ጊዜ ሲጣድ ማለት ነው። አንድ ባለ 12.5 ኪሎ የቤት ሲሊንደር ብትሰጡት በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ጨርሶ «ሌላ አምጡ» ይላል። ለእያንዳንዷ ኪሎ ጋዝ ደግሞ ከ12 ሜትር ኩብ በላይ አየር ይጠጣል። ይህ ሁሉ አየር በአንድ በኩል መግባት፣ በሌላ በኩል ተቃጥሎ መውጣት አለበት። ማጀት ውስጥ እንዳለች አንዲት የጋዝ ምድጃ አድርጎ የሚያስበው ሰው የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

እንግዲህ ይህ ማሽን በሦስት መንገድ ይከዳናል።

አንደኛው ቦታው ነው። ለደጅ ተብለው የሚሠሩ ማሞቂያዎች አሉ። ጭሳቸውን በቀጥታ ከላያቸው ወደ ሰማይ ይለቃሉ። ደጅ ሲሆኑ ችግር የለም። «ዝናብ እንዳይመታው» ተብሎ ቆርቆሮ ከተደረገበት፣ ዙሪያውም በብሎኬት ከታጠረ ግን ማሽኑ ሳይንቀሳቀስ ቤት ውስጥ ገባ ማለት ነው። የቤት ውስጥ ማሞቂያ ሌላ ዓይነት ነው፣ ለእሱ የተሠራ የራሱ ቧንቧ አለው።

ሁለተኛው ቧንቧው ነው። የተቃጠለው አየር ውስጥ ያለው እንፋሎት ቀዝቅዞ ውሃ ሲሆን አሲድነት አለው፣ ብረት ይበላል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ክሎሪኑ ነው። የገንዳ ማጽጃ ኬሚካል ከማሞቂያው ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ሲቀመጥ እሳቱ የክሎሪኑን ትነት ከአየሩ ጋር ይስበዋል፤ እዚያም ወደ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይለወጣል። የማሽኑንና የቧንቧውን ሆድ ዕቃ ከውስጥ ይበላዋል። ከውጭ ቀለሙ የሚያብረቀርቅ ቧንቧ ከውስጥ ወንፊት ሊሆን ይችላል። የክሎሪን ባልዲ ማሞቂያው አጠገብ ካያችሁ ዝም ብላችሁ አትለፉ።

ሦስተኛው አየሩ ነው። የማሽኑ ክፍል አየር ማስገቢያ ከተደፈነ («አይጥ ገባ» ተብሎ በካርቶን ሲወተፍ አይተናል) እሳቱ ያንቀዋል፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይፈለፍላል። ሌላም አለ፤ በዚያው ክፍል ወይም አጠገቡ ኃይለኛ የአየር ማውጫ ፋን ካለ በቧንቧው ሊወጣ የነበረውን የተቃጠለ አየር ወደ ኋላ ጎትቶ ቤት ውስጥ ይዘረግፈዋል።

አዲስ አበባ ላይ ሲሆን

እስካሁን ያወራነው የአሜሪካን ነው። አሁን ግን አገር ቤት የሚያስገባን ምክንያት አለን፤ ምክንያቱም ከፍታችን ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። እዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት የባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ለሯጮቻችን በረከት ነው፤ ለጋዝ ማሞቂያ ግን አይደለም። ለቆላ ተስተካክሎ የተሠራ ማሽን ያንኑ መጠን ጋዝ እየለቀቀ የሚያገኘው ኦክስጅን ግን በሩብ ያነሰ ነው። አሜሪካኖች ለዚህ የታወቀ ስሌት አላቸው፤ በተለምዶ ከ2,000 ጫማ በላይ ለሆነ ቦታ በየ1,000 ጫማው የማሽኑን ጉልበት 4 በመቶ ይቀንሱለታል። በዚህ ስሌት አዲስ አበባ ላይ ቅነሳው 30 በመቶ አካባቢ ይመጣል። አምራቹ ለከፍታ ቦታ የሚሆን የጋዝ አፍንጫና ማስተካከያ አለው። ከኮንቴይነር አውርዶ «ስካው ይሠራል» ብሎ መለኮስ ግን ለካርቦን ሞኖክሳይድ የግብዣ ካርድ መላክ ነው።

ሁለተኛው ጣጣ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ካርቦን ሞኖክሳይድ የመታው ሰው መጀመሪያ ምን ይሰማዋል? ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም። ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን አዲስ አበባ የገባ እንግዳ በመጀመሪያው ሌሊት ራሱን ቢያመው ሁላችንም ምን እንለዋለን? «ከፍታው ነው፣ ውሃ ጠጣና ተኛ።» እኛም ስንቱን እንግዳ እንዲህ ብለናል። አብዛኛውን ጊዜ እውነታችንን ነው። ግን እንግዳው የተኛው ከማሞቂያ ክፍል በላይ ከሆነ «ተኛ» ያልነው ምክር የመጨረሻው ሊሆን ይችላል። ከሌላው ከተማ ይልቅ እዚህ መርዙ የሚደበቅበት ምቹ ስም አለው።

ከከፍታው ሕመም መለየት ይቻላል? ጠቋሚ ነገሮች አሉ። አንድ ቤት ያደሩ ሁለት ሦስት ሰዎች ባንድ ጊዜ ራሳቸውን ሲያማቸው፣ ደጅ ሲወጡ ሲሻላቸው፣ ተመልሰው ሲገቡ ሲብስባቸው፣ ትኩሳት ሳይኖር ጉንፋን የሚመስል ሕመም ሲመጣ መጠርጠር ነው። በኮቪድ ዘመን ብዙ ቤት የገባችው ጣት ላይ የምትሰካ የኦክስጅን መለኪያ ግን አታድንም። ካርቦን ሞኖክሳይድ የያዘውን ደም ኦክስጅን ከያዘው መለየት ስለማትችል «98 በመቶ፣ ሰላም ነህ» ብላ ትሸኛችኋለች። ትክክለኛው ነገር ሁሉንም ሰው ወደ ንጹሕ አየር አውጥቶ፣ ሐኪም ቤት ደርሶ «የጋዝ ማሞቂያ ያለበት ቤት ነው ያደርነው» ብሎ መናገር ነው። ሐኪሙ ይህን ካወቀ ኦክስጅን ይሰጣል። ተራ አየር እየተነፈሰ በአራትና አምስት ሰዓት በግማሽ የሚቀንሰው መርዝ በንጹሕ ኦክስጅን በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ በግማሽ ይቀንሳል።

«በዚህ አገር ስንት ችግር እያለ ስለ ዋና ገንዳ?»

ይህን አስተያየት ገና ሳትጽፉት አንብበነዋል። ተገቢ ጥያቄ ስለሆነ እንመልስ።

ገንዳው የጥቂቶች ነው፣ እውነት ነው። ከገንዳው ማሞቂያ ጋር የሚያድረው ግን ማን ነው? በታኅሣሥ ሌሊት ብርዱ ሲያይል የዘበኛው ዓይን ወዴት እንደሚሄድ እናውቃለን፤ ሞቅ ወዳለው የማሽን ክፍል። ጋቢውን ተከናንቦ እዚያ ጥግ ላይ ጋደም ይላል። ክሎሪን የሚጨምረው ልጅ፣ ፎጣ የሚያጥቡት ሴቶች፣ ምድር ቤት የሚያድሩ የቀን ሠራተኞች፣ ሁሉም ከዋናተኛው ይልቅ ለቧንቧው ይቀርባሉ። ዋናተኛውማ አንድ ሰዓት ዋኝቶ፣ ፀጉሩን አድርቆ ይሄዳል። ይህ ጥያቄ የዋና ጥያቄ ብቻ ነው የሚል ሰው ሌሊት ሆቴል ውስጥ ማን እንደሚቀር አላሰበም።

ደግሞም ጋዙ ያው የከሰሉ ጋዝ ነው። ስለ ሆቴሉ ቧንቧ መጠየቅ የለመደ ከተማ ስለ ከሰል ማንደጃውም፣ በረንዳ ላይ ስለሚነሳው ጀነሬተርም፣ ኮንዶሚኒየም መታጠቢያ ቤት ውስጥ ስለሚገጠም የጋዝ ውሃ ማሞቂያም መጠየቅ ይለምዳል። ጥያቄው አንድ ነው፤ ጭሱ በየት ይወጣል?

የባለሆቴሎቹም ወገን መሰማት አለበት። የመለዋወጫ ዕቃ በውጭ ምንዛሪ ነው የሚመጣው። ለከፍታ የሚያስተካክል ባለሙያ እንደ ልብ አይገኝም። ይገባናል። ግን ጠባቂ የሌለውን እሳት ለማንደድ ይህ ምክንያት አይሆንም። ባለሙያ ካልተገኘ ሌላ መንገድ አለ። የአዲስ አበባ ሂልተን ገንዳ ከከርሰ ምድር በሚወጣ ፍል ውሃ ሲሞቅ ኖሯል። ፍል ውሃ የሌለው የፀሐይ ማሞቂያ ወይም በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሂት ፓምፕ ማሰብ ይችላል። ሁሉም ካልሆነ ደግሞ ቀዝቃዛ ውሃ ገድሎ አያውቅም። (ቢያንስ እኛን፤ ዳር የተቀመጥነውን ሁለታችንን።)

እንግዲህ ምን ይደረግ?

የምንጠይቀው ሰማይ ላይ ያለ ነገር አይደለም።

ማሞቂያውን የሚገጥመው የአምራቹን መመሪያ አንብቦ፣ ለከፍታው አስተካክሎ፣ ሲጨርስም የሚወጣውን ጭስ በመሣሪያ ለክቶ ቁጥሩን በወረቀት የሚሰጥ ባለሙያ ይሁን። «እሳቱ ሰማያዊ ነው፣ ችግር የለም» የሚል ምስክርነት አይበቃም።

ቧንቧው አምራቹ ያዘዘው ዓይነትና ስፋት ይሁን፤ መሐል ላይ አይጥበብ፣ መጋጠሚያው አይላላ፣ በሰው መኝታ ሥር ተደብቆ አይለፍ፣ ግዴታ ካለፈም ተከፍቶ የሚታይ ይሁን። አፉ ከመስኮትና ከበር ይራቅ። የአሜሪካ ደንብ በፋን ለሚገፋ ጭስ ከሚከፈት መስኮት በጎን 1.2 ሜትር ያህል፣ አየር ከሚስብ ማሽን በ3 ሜትር ውስጥ ከሆነ ደግሞ ከእሱ በላይ 90 ሳንቲ ሜትር ያህል ይጠይቃል። ከዚህ ማነስ የለበትም፤ ቢበልጥ ደግ ነው።

የማሽኑ ክፍል ከወለሉ አጠገብና ከጣሪያው አጠገብ ወደ ደጅ የተከፈተ፣ ማንም የማይወትፈው የአየር መግቢያ ይኑረው። በዚያው የአሜሪካ ስሌት ለባለ 400,000 ቢቲዩ ማሽን እያንዳንዱ ክፍት ቦታ 645 ሳንቲ ሜትር ካሬ ያህል፣ ማለትም ከአንድ ኤ4 ወረቀት ትንሽ ከፍ ያለ መሆን አለበት። ክሎሪኑ ሌላ ክፍል ይግባ። ሰው እዚያ አይደር፤ ዘበኛው የሚሞቅበት ሌላ ቦታ ይሰጠው።

በማሽኑ ክፍል፣ ከበላዩና ከጎኑ ባሉ መኝታ ክፍሎችም የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ይሰቀል። የጭስ ማስጠንቀቂያው ይህን ሥራ አይሠራም፣ የተለየ መሣሪያ ነው። በተለመደው የአሜሪካ መመዘኛ መሠረት ከሚሊዮን የአየር እጅ 400ው ካርቦን ሞኖክሳይድ ከሆነ ከ4 እስከ 15 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ መጮህ አለበት። ዋጋው ውጭ አገር ሃያ ሠላሳ ዶላር ነው። የአንድ ደህና ሆቴል የአንድ ሌሊት አልጋ ዋጋ ከዚህ ይበልጣል።

የመጨረሻው ከቡን የተማርነው ነው። ምክንያቱ ያልታወቀ ሞት ወይም የብዙ ሰው መታመም በተገኘበት ክፍል፣ ውጤቱ እስኪመጣ ድረስ ክፍሉም ማሽኑም ይዘጋ። የአስከሬን ምርመራ ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል። አየሩን መለካት ግን የደቂቃዎች ሥራ ነው። ያ ልጅ የሞተው ሳይንስ ስላልደረሰበት አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዎች ሲሞቱ «ምናልባት አየሩ ይሆን?» ብሎ እሳቱን ያጠፋ ሰው ስላልተገኘ ነው።

ይህን ሁሉ የሚያስፈጽመው ማነው ብትሉን፣ ለግንባታ ፈቃድ የሚሰጠው፣ ለሆቴል ኮከብ የሚሰጠው፣ የእሳት አደጋ መከላከያውም ድርሻ አላቸው እንላለን። የፎጣውን ልስላሴና የትራሱን ቁጥር የሚቆጥር ኮከብ ሰጪ ወደ ማሽን ክፍሉ ወርዶ ቧንቧውን በእጁ ቢነካ ምን ይጎድልበታል? ግን ተቆጣጣሪ እስኪመጣ ቁጭ ብሎ መጠበቅም ደግ አይደለም። እኛ ደንበኞች አፍ አለን።

ባለፈው ሳምንት ወደዚያው ሆቴል ተመልሰን ሄድን። ፎጣ አዳዩን ልጅ አግኝተን ይህን ሁሉ ነገርነው። አሁን አልሳቀም። ትንሽ ዝም ብሎ «እኔ እኮ የማታ ተረኛ ስሆን እዚያ ክፍል ነው የምተኛው፣ ይሞቃል» አለን። አብረነው ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ሄደን ጥያቄያችንን በጨዋ ደንብ አቀረብን። ሥራ አስኪያጁ ባለሙያ እንደሚያስመጡ፣ እስከዚያው ማታ ማታ ማሞቂያው እንደሚጠፋ ነገሩን። ቃላቸውን እናምናለን፤ በወሩ ተመልሰን እንጠይቃለን። ልጁ አሁን የሚያድረው እንግዳ መቀበያው ጀርባ ካለች ክፍል ነው። ትበርዳለች አለን። ብርድ ልብስ ወስደንለታል።

እናንተም በሚቀጥለው እሑድ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት አንድ ጊዜ ጠይቁ። መልሱ «ጭስ የለውም» ከሆነ ፎጣችሁን ሳታወርዱ ማሽኑን አሳዩን በሉ።